ክር የታሰረበት ጣሳ

ስለ ጣሊያን ሹማምንት የገጠምኳት አራት መስመር ከአማኑኤል ገበያ ተነሥታ ደብረ ማርቆስ ቀድማኝ ገባች። እኔ በሁለተኛው ቀን እጄን ታስሬ ተከተልኳት።

የታጎርንበት ቤት ቀድሞ የኑግ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ወለሉ በሐምሌ እርጥበት አጥንት ያቀዘቅዛል። ስድስት ነበርን። ውሃ የምንጠጣው ከአንዲት ቅል ነው። መጀመሪያ ከመካከላችን ያሉት አንድ ሽማግሌ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ቅሏ ዞራ እሳቸው ዘንድ ትመለሳለች። እሳቸው የተያዙት ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ዱር ስለገባ፣ በእሱ ምትክ መያዣ ሆነው ነው። ደረታቸው ደካማ ነበር። ካቻምና ጉንፋን ይዟቸው ቄስ ተጠርቶ ንስሐ እስከ መግባት መድረሳቸውን ራሳቸው አጫውተውናል።

በአምስተኛው ቀን ለምርመራ ወሰዱኝ። ዝናብ ላይ አቁመውኝ ዋሉ እንጂ አልመቱኝም። ስመለስ ከወጥ ቤታቸው ቆሻሻ ላይ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አንሥቼ ገባሁ። በማግስቱ ጉሮሮዬ አበጠ፤ ሰውነቴ ጋለ፤ ድምፄ ጨርሶ ተዘጋ።

እናቴ ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው ለብቻው ይጠጣል። ሌላው ተሳስቶ እንዳያነሣው ዋንጫው ላይ ክር ታስራለች። እኔም ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ ጣሳዋ ላይ አሰርኩ። የድርሻዬን እንጀራ ይዤ ጥግ ሄድኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁ።

በእኛ አገር ለብቻው የሚበላ ሰው ይጠረጠራል።

ቀድሞ የተናገረው ከእስረኞቹ አንዱ፣ ከቁይ የመጣው ገበሬ ነው። «አያችሁት? ተመርምሮ መጣ፤ ገላው ላይ ጭረት የለ። ጣሊያን ጣሳ ሸልሞታል።»

ሳቁ።

«አንተ ገጣሚ፣ ምን ነግረሃቸው ነው የተሸለምከው? እስቲ ለእኛም በለን።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ገበያ ላይ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ፣ ሲጠየቅ ድምፁ ጠፋ!» አለ ገበሬው።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ያኔ ፈራሁ። ባንዳ ከተባሉ በኋላ ከእነዚያ ሰዎች ጋር በር ተቆልፎ ማደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ገበሬው ቅሏን ሞልቶ አፍንጫዬ ሥር አመጣት። «የእኛ ሰው ከሆንክ ጠጣ።»

አንድ ጊዜ ብጎነጭ ነገሩ ያበቃ ነበር። ሽማግሌውን አየኋቸው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በእምቢታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዞር በል እስቲ» አሉ ሽማግሌው ገበሬውን። መጡ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጣሳዬን አነሡና ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«እናቴ» አልኩ በከንፈሬ።

«ለማን ብለህ ነው?»

በእጄ ወደ ደረታቸው አመለከትኩ። ጣሳዬን መልሰው አጠገቤ አኖሩ።

«ልጁ ታሟል» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «እኔን እንዳይገድለኝ ነው የራቀው። ከዛሬ ጀምሮ ቅሏን ከንፈር አይንካት። መዳፋችሁ ላይ እያፈሰሳችሁ ጠጡ።»

 ገበሬው ቆይቶ ከመቀነቱ ነጭ ሽንኩርት ፈታ፤ አንድ ፍሬ ልጦ ወረወረልኝ።

«አኝከው፣ ባለ ጣሳ» አለ።

በሳምንቱ ሽማግሌውን ሊወስዷቸው መጡ። ጉንፋኑ አልነካቸውም ነበር። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። እሳቸው ውሃ ጠየቁ። ገበሬው ቅሏን ወደ አፋቸው ሲያስጠጋ እጁን ያዙት። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አፍስልኝ» አሉ።

ከመዳፋቸው ጠጡ። ሁለተኛ አስፈሰሱ፤ አልተጣደፉም። ከዚያ እጃቸውን በኩታቸው ጠርገው ወጡ። አልተመለሱም። ቅሏ ለእኛ ቀረች።

አሁን ተፈትቼ እናቴ ቤት ነኝ። ዓይኗ ስለ ደከመ ክሩን የማስረው እኔ ነኝ። ትናንት ታናሽ እህቴ ስታስነጥስ ዋለች። ዋንጫዋ ላይ ክር ሳስር አኮረፈች።

«እኔ ብቻዬን ልበላ ነው?»

«ዋንጫሽ ነው ብቻውን የሚሆነው» አልኳት። መቀመጫዋን አላራቅሁም።

ስለ ሽማግሌው ለመግጠም ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከመጀመሪያው መስመር አላልፍም። ወረቀቱን አስቀምጬ ክር እፈልጋለሁ።