ሰማንያ አራተኛው ሜትር

ከንጋቱ 11፡20፣ ኮዬ ፈጬ

ቻናሌን የምታነቡ ሰዎች፣ ላሊበላ ወይም አርባ ምንጭ ከሆነ የጠበቃችሁት ከወዲሁ ተመለሱ። ዛሬ የሄድኩት አቃቂ ነው። ከቤቴ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚደረስ ቦታ። ግን የትም ሄጄ እንደዛሬ ደክሞኝ አልተመለስኩም፣ ስለዚህ ይጻፋል።

ብሎካችን ገና አልነቃም። ደረጃው ላይ መብራት የለም፣ አራት ፎቅ በስልኬ ብርሃን ወረድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ የካራቴ ነጭ ልብሴ ከቡኒ ቀበቶው ጋር፣ እና እናቴ በግድ የከተተችው ዳቦ። እሑድ የጥቁር ቀበቶ ፈተና አለኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰው ፈተና ሲደርስበት ያርፋል፤ እኔ የቀን ሥራ ሄድኩ።

ሥራውን የሰጠኝ አስተማሪዬ ነው። ጋሽ ከድር ይባላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂኦሎጂስት ነው፣ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር መሬቱን የሚያነበው እሱ ነው። ማታ ማታ አቃቂ ውስጥ እኛን ካራቴ ያስተምራል። ሁለቱንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ሦስት ሥራ ቀይሬያለሁ፣ አንዱን በስምንት ቀን። «ናሙና የሚያጥብልኝ ልጅ አገባ፣ ለአንድ ቀን ትመጫለሽ?» ሲለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ። ሳላስብ እሺ ማለት ልማዴ ነው።

12፡15፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሮ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ድረስ ደርሷል። ሁሉም ሰው ወደ ከተማ ነው፤ የቢሮ ቦርሳ፣ የምሳ ዕቃ፣ ዩኒፎርም። ወደ አቃቂ የምንሄደው ጥቂት ነን። ረዳቱ ከታሪፉ አምስት ብር ጨመረ። «ለምን?» ስለው «ሰዓቱ ነው» አለኝ። ሰዓቱማ ሁልጊዜ አለ። ከፈልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን ከፊቴ ያለው ወንበር ብረት ላይ አስደግፌ የእሑዱን ካታ በሐሳቤ ሠራሁ። ካታ ብቻን የሚሠራ፣ ተራው የማይዛነፍ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ነው። የኔ ችግር ይታወቃል። እቸኩላለሁ። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ልቤ አርባኛው ላይ ነው።

1፡00፣ አቃቂ

ነጭ ፒክአፕ ከድሮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሾፌሩ እንድሪስ ይባላል፣ የወሎ ሰው ነው፣ ምላሱ አያርፍም። እግሬን አየና ሳቀ።

«በዚህ ነጭ ስኒከር ነው ጉድጓድ የምትመጪው? ሠርግ መሰለሽ እንዴ እህቴ?»

«ይታጠባል።»

«ጋሼ፣ ይታጠባል ትላለች እኮ።»

ጋሽ ከድር ከፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ደብተሩን ያገላብጣል። አጭር ሰው ነው፣ ጢሙ ነጭ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። ከመኪና ሲወርድ ግራ ጉልበቱን በእጁ ያግዘዋል። ክለብ ውስጥ ሲቆም ግን ያ ጉልበት የት እንደሚገባ አላውቅም።

እዚህ በጽሑፍ «እሱ» ማለቴ ለመፍጠን ነው። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፣ እንዳትሰድቡኝ።

መንገድ ላይ እንድሪስ የድሮውን አነሳበት። «በረሃ ላይ የሠሩትን ይንገሯት እንጂ።»

«ምኑን?»

«ከብት ጠባቂዎቹ ያሉትን።»

ጋሽ ከድር ፈገግ አለ። ወጣት ሳለ ለሥራ ወር ሁለት ወር ቆላ ይከርማል። መዶሻውን፣ ኮምፓሱን እና ነጭ ልብሱን ይዞ ነው የሚዞረው። ጎህ ሲቀድ ከድንኳኑ ጀርባ ካታ ይሠራል። አንድ ቀን ከብት ጠባቂዎች አይተውት ለሠራተኞቹ፣ «ያ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» አሏቸው። ሠራተኞቹ አፍረው «ዝንብ እያባረረ ነው» ብለው መለሱ።

«ከማን ጋር ነበር የሚጣሉት ታዲያ?» አልኩት።

«ከመሰልቸት ጋር» አለ። ቀልዶ መሰለኝ፤ ሳየው አልሳቀም።

2፡10፣ ጉድጓዱ

ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ጥቁር አፈር፣ የታጨደ የጤፍ ማሳ። መሃሉ ላይ መቆፈሪያ ማሽኑ ቆሞ ያጓራል። አጠገቡ ያለው አየር የሚገፋ ኮምፕሬሰር ከማሽኑ በላይ ይጮኻል፤ ሰው የሚነጋገረው በእጁ ነው።

ሥራዬ ይሄ ነው። ማሽኑ ሁለት ሜትር በወረደ ቁጥር ኦፕሬተሩ እጁን ያነሳል። እኔ ከጉድጓዱ አፍ እየተተፋ የሚወጣውን የድንጋይ ፍርካሽ በወንፊት እቀበላለሁ፣ ባልዲ ውስጥ አጥባለሁ፣ ሸራው ላይ በተራ እደፋለሁ፣ ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ። ሰባ፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት። ሸራው ላይ መሬቱ ተገልብጦ እንደተኛ ትንንሽ ክምሮች ይሰለፋሉ።

ጋሽ ከድር ጀርባውን ሰጥቶኝ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በእጅ ሰዓቱ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጽፋል። ድንጋይ ያቆያል፣ ሸክላ ቶሎ ያሳልፋል። ከዚያ ተነስቶ ክምሮቹን በማጉያ መነጽር ያያል፣ ቆንጥሮ በጥርሱ ያኝካል፣ ይተፋል።

«ምን ይላል?» አልኩት ጆሮው ሥር ጮኼ።

«የተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው፣ ጥቁር ድንጋይ። ውሃው የሚመጣው በስንጥቁ ነው። እዚህ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ እናስገባለን። ሸክላ ካለበት ዝግ ቱቦ። ሸክላ ላይ ቀዳዳ ከከፈትሽ ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ ይጠጣል።»

5፡40

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ስልኬን አስቀምጬ አንስቻለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል አንድ ነገር ስደጋግም ሰለቸኝ። ማሽኑ ከኋላዬ፣ ፀሐዩ ጥሩ፣ ለእናንተ ቪዲዮ ላንሳ አልኩ። ወንፊቱን መሬት አስቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለጉድጓዱ ሰጥቼ ለስልኬ ሳቅኩ። ዞር ስል የኦፕሬተሩ እጅ ወርዷል። ሰማንያ አራት አልፏል። ከጉድጓዱ አፍ ሥር የወጣው ሁሉ ተቀላቅሎ በውሃ ሄዷል።

ክምሩ ባዶ ሊሆን ነው። ሸራው ላይ ክፍት ቦታ፣ እንደ ወላቃ ጥርስ።

ከሰማንያ ሁለቱ ክምር ግማሹን ዘገንኩ። አጠገቡ ደፋሁት። «84» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ሜትር መሬት ምን ሊለወጥ ነው አልኩ በሆዴ። ይሄን ልዋሻችሁ አልችልም። በጣም ቀላል ነበር።

7፡30፣ ምሳ

እንድሪስ ከአቃቂ ፓስታ በእንጀራ በፌስታል አምጥቷል። ኮምፕሬሰሩ ጠፍቷል፣ ዝምታው ጆሮ ይሞላል። ጋሽ ከድር አልበላም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንዴ ሰዓቱን አንዴ ሸራውን ያያል።

«ሰማንያ ሁለት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰማንያ ስድስት፣ አሥራ አራት። ሰማንያ አራት ላይ ስድስት ብዬ ጽፌያለሁ።»

ተነስቶ የሰማንያ አራቱን ክምር ቆንጥሮ አየው።

«ክምሩ ያው ድንጋይ ነው። ያው ድንጋይ በስድስት ደቂቃ አይወርድም።» ወደ ኦፕሬተሩ ዞረ። «ሰማንያ አራት ላይ ለስለስ ብሎህ ነበር?»

«ከጓደኛዬ ጋር የተቀያየርነው እዛ ጋ ነው ጋሼ። ልብ አላልኩም።»

ጋሽ ከድር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ስድስቷ ላይ መስመር አሰመረባት።

«ሰዓት ማንበብም አቃተኝ» አለ ለእንድሪስ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለው። «ይሄ ጉድጓድ የመጨረሻዬ ሊሆን ነው መሰለኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በረሃብ ነው፣ ይብሉ» አለ እንድሪስ።

እኔ ፓስታዬን እያየሁ ነበር። 

10፡30፣ መልስ

ማሽኑ መቶ ሁለት ላይ ቆመ። ቱቦው የሚገባው ነገ ጠዋት ነው። ጋሽ ከድር ቀዳዳ ያለው ቱቦ የት የት እንደሚሆን ወረቀት ላይ ሥሎ ለኦፕሬተሩ ሰጠው። ሰማንያ አራትም ቀዳዳ ካለው ውስጥ ነው። ተሳፈርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ክለባችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ካታ እየሠራህ ከተሳሳትክ ማንም አላየም ብለህ አታልፍም። እጅህን ታነሳለህ፣ «ከመጀመሪያ» ትላለህ፣ ወደ ቦታህ ተመልሰህ ከሰላምታው ትጀምራለህ። ጋሽ ከድር አይቆጣም፣ ስምህንም አይጠራም። ሃያ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። የመጣሁ ሰሞን ይሄን ደንብ የሚጠላው ማን ነበር? እኔ። እስካሁን ስንት ጊዜ አንስቻለሁ? አይቆጠርም።

የአቃቂ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ እጄን አነሳሁ።

እንድሪስ በመስታወቱ አየኝ። «ምን ሆንሽ፣ ሽንት ነው? ላቁም?»

«ከመጀመሪያ» አልኩ።

ጋሽ ከድር ቀስ ብሎ ዞረ። ነገርኩት። ቪዲዮውን፣ ወንፊቱን፣ ከሰማንያ ሁለት የዘገንኩትን። አላሳመርኩትም። እንድሪስ ሳይባል መኪናውን ዳር አስያዘ።

ጋሽ ከድር ደብተሩን ከፈተ። ካሰመረበት ስር እንደገና «6» ብሎ ጻፈ።

«ስድስት ነበር ለካ» አለ። ከዚያ ለራሱ ያህል ብቻ፣ «ዓይኔ ደህና ነው።» ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፣ ለአንድ አፍታ በደስታ ልጅ መሰለ። ያ ከስድብ የባሰ ወጋኝ።

ከዚያ ደስታው ሄደ።

«ከምሳ ጀምሮ ዓይኔን ስረግም ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ።»

«አዎ።»

«ባዶ ቢሆን ባዶ ብዬ እጽፍ ነበር። ባዶ መስመር ጉድጓድን አይገድልም። እኔ ሃያ ቦታ ናሙና የለም ብዬ የጻፍኩባቸው ጉድጓዶች ዛሬም ሰው ያጠጣሉ።»

ስልኩን አውጥቶ ኦፕሬተሩ ጋ ደወለ። «ከሰማንያ ሁለት እስከ ሰማንያ ስድስት ዝግ ቱቦ አድርጉት። ወረቀቱን ነገ እለውጣለሁ። ስህተት ነበረ።» የማን ስህተት እንደሆነ አልተናገረም።

11፡30፣ ክለቡ

አዳራሹ ከገበያው ጀርባ ነው። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋል። ግድግዳው ላይ የእሑድ ተፈታኞች ስም ተለጥፏል፣ ቤዛ የሚለው ስሜ ሦስተኛ ነው። ጋሽ ከድር ልብሱን ከመቀየሩ በፊት ያንኑ የደብተሩን እስክሪብቶ አውጥቶ ስሜ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። አልደለዘውም። ከመስመሩ ስር ይነበባል።

ማንም ምክንያት አልጠየቀም። እኔ ቡኒ ቀበቶዬን አስሬ ከነጭ ቀበቶዎቹ መጨረሻ ቆምኩ፣ ያዘዘኝ የለም። ጉልበቱ የሚያመው ሰውዬ ፊታችን ቆመ፤ ጉልበቱ የት እንደገባ ዛሬም አላየሁም። ከሰላምታው ጀመርን። በሕይወቴ እንደዛ ቀስ ብዬ ካታ ሠርቼ አላውቅም። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ሠላሳኛው ላይ ነበርኩ።

ከምሽቱ 1፡15፣ ወደ ኮዬ

ይሄን መጻፍ የጀመርኩት ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ስኒከሬ ቡኒ ሆኗል፣ አይታጠብም።

ታክሲ ስጠብቅ ያን ቪዲዮ ከፈትኩት፣ ላጠፋው። አርባ ሰከንድ ነው። እየሳቅኩ፣ ጸጉሬን እያስተካከልኩ። ከትከሻዬ በላይ የጉድጓዱ አፍ ይታያል። ከአፉ እስከዚያ ድረስ ጥቁር ሲወጣ የዋለው ነገር በሃያኛው ሰከንድ ይቀላል። ቀይ፣ ወፍራም ጭቃ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። እኔ ከፊቱ ቆሜ እስቃለሁ።

ለጋሽ ከድር ላክሁለት። እዚህ አልለጥፈውም፣ አትጠይቁኝ።

ታክሲው ውስጥ ገብቼ ሳለ መለሰ። እንደሚናገረው ነው የሚጽፈው፦

«አየሁት። ቀይ ሸክላ ይመስላል። ናሙና ግን አይደለም፣ ባዶ ብዬ ጽፌዋለሁ። ሰኞ ሌላ ጉድጓድ ይጀመራል። ቡት ጫማ አድርገሽ ነይ።»