ከለቅሶ ቤት የመጡ አበቦች

እናቴ አበባ ገዝታ አታውቅም። ላፍቶ ያለው ግቢያችን ግን ከበሩ እስከ ማዕድ ቤቱ ድረስ አበባ ነው፤ ዳሊያ፣ ጌራኒየም፣ ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ፣ ጥሩንባ የምትመስለው ነጭ አበባ። አምና ታማ ቤት ስትውል ላጫውታት ብዬ የአበቦቹን አገር ከስልኬ ላይ አነበብኩላት። ዳሊያ ከሜክሲኮ ነው የመጣው ስላት ሳቋን ለቀቀችው።

«የቱ ሜክሲኮ? ታክሲ የምንሰለፍበት?»

«የባሕር ማዶው ነው እማዬ።»

«ተይኝ ባክሽ! ይሄ የመጣው ከሀይሌ ጋርመንት ነው። ከዚያች ልብስ ሰፊ ቤት።»

ልብስ ሰፊዋ ከሞተች ቆይታለች። ብዙም ሳላስብበት «ጌራኒየሙስ?» አልኳት። ከጎፋ፣ አለች፤ ዳቦ ትሸጥ ከነበረችው ሴትዮ ግቢ። እሷም ሞታለች። ነጯ አበባ ደግሞ ከብስራተ ገብርኤል፣ ከአብሮ አደጓ ቤት። እሷንም ቀብረናታል። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

«በሕይወት ካለ ሰው ያመጣሽው የለም እንዴ?»

«የለም። በሕይወት ካለች ሴት ግቢ አበባ አይቆረጥም» አለችኝ፣ ጨው አልቋል እንደምትለኝ ያህል ቀለል አድርጋ።

ለካ በሠልስቱ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲላቀስ፣ እሷ ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ትዞራለች። አንዲት ቅርንጫፍ ትቆርጥና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትመለሳለች። ሴትዮዋ ከሞተች ውሃ የሚያጠጣ የለም፤ ልጆቿ ግቢውን ይሸጡታል፤ በዓመቱ እዚያው ላይ ፎቅ ይቆማል። «እኔ ካላመጣኋቸው ማን ያመጣቸዋል?» አለች። አበቦቹን ይሁን ሴቶቹን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ በገዛ ግቢዬ ደህና አድርጌ መራመድ አቃተኝ። ውሃ ሳጠጣ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ነፋስ ሳይኖር ዳሊያው ዘንበል ይላል። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ አኩርፋለች፣ ደህና አድርገሽ አጠጫት» ትለኛለች። ኧረ በማርያም! አንድ ቀን ሳላስበው «እሺ እትዬ» ብዬ ለዳሊያው መለስኩለት። በራሴ ሳቅሁ፤ ግን ዘወር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ሐኪሞቹ ልቧ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አሉ። እናቴ እሺ አለች። እሷ እንኳን ለሐኪም ለማንም በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ደስ አለኝ፤ መዳን ፈልጋለች ብዬ። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም።

ቀጠሮዋ ሲቃረብ ትሪ ልመልስ ጎረቤታችን ጋ ገባሁ፤ ከእናቴ ጋር አብረው ያረጁ ሴት ናቸው። መስኮታቸው ላይ፣ የቀለም ጣሳ ውስጥ፣ የእኛ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«እናትሽ ናት የሰጠችኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጠርታን። ለሁላችንም ነው የሰጠችን እኮ።»

ስመለስ ቀና ብዬ አየሁ። በየመስኮቱ፣ በየበረንዳው፣ በቲማቲም ጣሳው፣ በተቆረጠው ጀሪካን፣ የኛ ግቢ ተበትኗል። ዳሊያው እዚህ፣ ጌራኒየሙ እዚያ። በሕይወት ካለች ሴት ግቢ አበባ አይቆረጥም ያለችው እሷው ናት።

እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጮህኩባት። «ሞቻለሁ ብለሽ ነው? ንገሪኝ! ሐኪም ቤት የምትገቢው ለመዳን ነው ወይስ ለመሰናበት?»

አልተቆጣችም። «ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። «ከለቅሶ ቤት ስቆርጥ ሁልጊዜ እጄን የሚይዘኝ አለ። ዞር ስል ማንም የለም፤ ግን ይይዘኛል። ቀዝቃዛ እጅ ነው። ሳላስፈቅዳት ነውና የምወስደው፣ ባለቤቷ ናት። እኔ ደግሞ ከሞትኩ በኋላ የማንንም እጅ መያዝ አልፈልግም። ያንቺን በተለይ።»

«ትድኛለሽ እኮ!»

«ብድንማ እሰየው! እንደገና ያቆጠቁጣል።» ከቀሚሷ ኪስ ቢላዋ አወጣችና አቀበለችኝ። «የቀረሽው አንቺ ነሽ። ጽጌረዳዋን ቁረጪ።»

አልቆርጥም አልኩ። አለቀስኩ፣ ተነጫነጭኩ፣ ቢላዋውን ወርውሬ ቤት ገባሁ።

ሐኪም ቤት የምትገባበት ጠዋት የሚወስደን መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። እናቴ ጽጌረዳዋ አጠገብ ቆማ ንቅንቅ አልል አለች። ቢላዋው በእጇ ነው። «ካልቆረጥሽ አልሄድም» አለች። ታደርገዋለች። ቀጠሮው ሊያልፍ ነው፤ ካለፈ ደግሞ ሌላ መቼ እንደሚገኝ እንጃ።

ተቀበልኳት። ቅርንጫፉን ከላይ ይዛልኝ እኔ ከሥር ቆረጥኩ። ቢላዋው ሲያልፍ ትከሻዋ ነዘረ፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አይዞሽ» አለችኝ፣ «አላመመኝም።»

እናቴ ከሐኪም ቤት አልተመለሰችም። በሠልስቷ ወደ ጓሮ የዞረ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ የቆረጥኩት ቅርንጫፍ ጸድቆ ዛሬ ከቁመቴ ሊበልጥ ነው። መገረዝ አለበት ይሉኛል። ስለት ላነሳበት አልቻልኩም። አላመመኝም ያለችኝ ውሸቷን ነው።