የአውሬው ቦት ጫማ

ባለፈው ሳምንት ጎባ ምሳ በበላሁበት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የዚያ ከሐይቅ የሚወጣ አውሬ ፊልም ነበር። የድሮው ሳይሆን እንደገና የተሠራው። ምሳዬን ትቼ ቀና አልኩ።

«ይሄማ ያስቃል እንጂ አያስፈራም። ልቀይረው?» አለኝ አስተናጋጁ።

«ተወው» አልኩት።

ታላቅ ወንድሜ ከድር ሲናና፣ የስንዴ እርሻ ላይ፣ የኮምባይነር ረዳት ነበር። ሮቤ ቤታችን ሲመጣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ይህንኑ ፊልም ይከፍታል። ሁሉም ነገር ደህና የነበረበት የመጨረሻው ቀንም እንደዚያው ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ነበር። ውጭው ጉም ነበር፤ የፊልሙ ሐይቅ ጭጋግ ከቴሌቪዥኑ አልፎ ግቢያችን የገባ ይመስል ነበር።

አባባ የድሮውን በወጣትነታቸው አይተዋል። «የዚያኛው አውሬ ያስፈራል። ይሄ ላስቲክ ለብሶ ይንገዳገዳል» አሉ።

«ቆይ አባባ፣ አሁን!» አለ ከድር።

አውሬው ዞረ። ከጅራቱ ሥር፣ የፊልሙ ሠሪዎች ሳያዩት የቀሩት፣ ላስቲኩን የለበሰው ሰውዬ ቦት ጫማ ብቅ አለ። ጥቁር፣ ሰፊ።

«ኢላሊ! ተመልከት! የሲናና ልጅ ነው!» ብሎ ከድር በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ።

ስንት ጊዜ አይተነዋል። ግን ሳቅን። አባባም ሳያስቡት ሳቁ።

በማግስቱ ማለዳ ከድር ለኮምባይነሩ መለዋወጫ ሊገዛ ወደ ሻሸመኔ ተነሳ። ለከተማ ብሎ ንጹህ ጫማ አደረገ። ዲንሾ ሳይደርሱ ሚኒባሱ በጉሙ ውስጥ ተገለበጠ። ከሰዓት ቀበርነው። ከዚህ በላይ... መጻፍ አልችልም።

በቀጣዩ ጠዋት አባባ ልብሱን ለሰደቃ ሰበሰቡ። ጃኬቱን፣ ሸሚዞቹን። በመጨረሻ በር ላይ ወዳለው ቦት ጫማ አጎነበሱ። ቀደምኳቸውና እግሬን ከተትኩ። የውጭው ጭቃ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነበር።

«ይሰፋሃል፣ ልጄ። ለሚሆነው ሰው ይሰጥ» አሉ።

ዞርኩና በግቢው መሄድ ጀመርኩ፤ እየተንገዳገድኩ፣ ልክ እንደ አውሬው። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ዞር ብዬ ሳይ አባባ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስካሁን አላውቅም።

«የሲናና ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ተዉለት።»

የፊልሙ ሠሪዎች ትንሽ ቢጠነቀቁ ያ የአውሬው ጫማ አይታይም ነበር። እንኳንም አልተጠነቀቁ። ባለፈው ሳምንት ጎባ ላይ፣ አውሬው ሊዞር ሲል፣ አስተናጋጁን በእጄ ጠራሁት። ትሪውን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«አሁን» አልኩት።