እትዬ ቫኒላ ጥርሷን ስታነጣ

እትዬ ቫኒላ አይስክሬም ሻጭ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላት ሌላ ስም አላት፤ ግን ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ባሏ እንኳ ሲቆጣ ብቻ ነው የሚጠራት በሱ። ሱቋ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ግድግዳ የተጋራች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው እግሩን ውስጥ፣ ሰውነቱን ውጭ አድርጎ ይጠብቃል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ እሷም ታጉረመርምበታለች፣ ተስማምተው ይኖራሉ።

ታዲያ የዚህች ሴት አይስክሬም የሚታወቀው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ሱቋን በምትከፍትበት መንገድም ነው። አንድ ጊዜ፣ ድሮ፣ ወተቷ ተበላሽቷል የሚል ወሬ ተነሣባት። እሷ እቴ፣ አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። ትልቁን ኮን ሞልታ በሯ ላይ ቆመችና መንገደኛው ሁሉ እያያት በላችው። ደግሞ እንደ ሰው መቼ ላሰችው? በፊት ጥርሶቿ ግምጥ፣ ግምጥ እያደረገች እንደ ዳቦ ገመጠችው እንጂ! የሚያያት ሰው ነው ጥርሱን የሚበርደው። ወሬው እዚያው በሯ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የቀኑን የመጀመሪያ ኮን ራሷ ሳትነክስ ሽያጭ የለም። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ገንዘቡን ሳያወጣ በፊት “ቫኒላ ነክሳለች?” ብሎ ይጠይቃል። ነክሳለች ከተባለ ይገዛል፤ አልነከሰችም ከተባለ ቆሞ ይጠብቃታል።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ባሏ ሊያስደስታት በፈለገ ቀን ነው። ባሏ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ባነር ያትማል። ኮን ስትነክስ ፎቶ አነሣትና የሱቋን ግንባር የሚያክል አድርጎ አተመላት። አምጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው። አፏ ተከፍቶ፣ ጥርሷ አይስክሬሙ ላይ አርፎ፣ እውነትም ያስጎመጃል። ሰውየው እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ እኔም የምጽፈው ባልኖረኝ።

“አየሽ፣ አይስክሬሙ እንዴት ነጭ ሆኖ ወጣ?” አላት። “ከጥርስሽ አጠገብ ስለሆነ እኮ ነው።”

ምስኪን፣ እሱ የተናገረው ስለ ሥራው ነው። አንዱ ቀለም ሌላውን እንዴት እንደሚያደምቀው ሊያስረዳት ነው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ባነሩ ላይ ጥርሷን አየች፣ ቀጥሎ አይስክሬሙን አየች፣ ቀጥሎ ባሏን አየች። ጥርሴ ቢጫ ነው ማለቱ ነው ብላ ባነሩን ጠቅልላ አስቀመጠችው። 

በማግስቱ የጀመረችው በእጇ ባለው ነገር ነው። የሎሚ አይስክሬም ስለምትሠራ ሎሚ ሞልቷታል፤ የመጋገሪያ ሶዳም ከጓዳ አይጠፋም። ሁለቱን ደባልቃ፣ ከሁሉ ጠንካራውን ብሩሽ መርጣ፣ የማሽኗን ጎድጓዳ በምትፈትግበት ክንድ ጥርሷን ፈተገችው። ጠዋትም ማታም። ሎሚው ጥርሷን ሲያጠርሰው፣ መድኃኒት ነው እየሠራ ነው ብላ ተደሰተች።

ይህ አልበቃ ሲላት ወደ ጸጉር ቤት ሄደች። የጸጉር ቤቷ ባለቤት ከሹሩባና ከቀለም ሌላ በቅርቡ ጥርስ ማንጣትም ጀምራ ነበር። ጄል የተሞላ ቱቦና ጥርስ ላይ የሚገጠም ለስላሳ ፕላስቲክ ሰጠቻትና፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ አድርጋ እንድታወጣው፣ በየቀኑም እንዳታደርገው ደጋግማ ነገረቻት። ቫኒላም እሺ አለች።

ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ አይስክሬም ሠሪ እንዲህ ያለ ምክር እንዴት ይገባታል? በሷ ሙያ ወተቱና ስኳሩ ተቀላቅሎ ወዲያው ማሽን ውስጥ አይገባም። ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ያደረ ቅልቅል ይይዛል፣ ይለሰልሳል፤ የተቻኮለ ቅልቅል ውሃ ውሃ ይላል። ዕድሜ ልኳን ስታደርገው የኖረችው ይህን ነው። ስለዚህ ጄሉንም “እስኪይዝ” ተወችው። ፕላስቲኩን ገጥማ ማሽኑን ታጥባለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ ወተት አምጪውን በእጅ ምልክት ታናግራለች። በየቀኑ። ሰላም ያልናት ጎረቤቶች በአፍንጫዋ “እም” ስትለን ጊዜ ተቀይማናለች ብለን ምን አደረግናት እያልን ተጨነቅን።

መንጣቱንስ ነጣ። ምን ልበላችሁ፣ ስትስቅ ሱቋ ውስጥ ሌላ አምፖል የበራ ይመስላል። ባሏ ደንግጦ አዲስ ፎቶ አነሣትና አዲስ ባነር አተመ፤ በዚህኛው ጥርሱ የቱ ጋ አልቆ አይስክሬሙ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ባነሩ በተሰቀለ ቀን ቫኒላ ሽር ብላ በሯ ላይ ቆመች፣ ኮኑን ሞላች፣ ሰሞኑን እየጠረሳት ጫፉን ብቻ ስትነክስ ከርማ ዛሬ እንደ ባነሩ በሙሉ ጥርሷ ነከሰች።

ከጥርሷ የተነሣው ነገር በዓይኗ በኩል አልፎ አናቷን መታት። ኤሌክትሪክ የያዛት መሰላት። ሰው ፊት ናትና ዋጠችው፣ ፈገግም አለች፤ እንባዋ ግን በሁለቱም ጉንጮቿ ወረደ። አንዲት ደንበኛ እንባውን አይታ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ሠርታው አሁንም ጣዕሙ ያስለቅሳታል ብላ በአድናቆት ለራሷ ባል ልታወራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሽሽት ሆነ። አንድ ቀን በከንፈሯ ነካ ታደርገዋለች። ሌላ ቀን ጀርባዋን ሰጥታ ነከስኩ ትላለች። በላይዋ ግን ያ ባነር ግምጥ አድርጋ እየነከሰች ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። ይህን መጀመሪያ ያየው ሰዓት ጠጋኙ ነው። ጋሼ ሰዓት ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይኑ ጥቃቅን ብሎን ሲያይ የሚውል ሰው ነው፤ ቅን ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ደግሞ አይሳሳትም። “ቫኒላ መንከስ ትታለች” አለ፣ ሰዓቱን ሊያሠራ ለመጣው ሁሉ። ትታለች ማለት ምን ማለት ነው? ወተቱን ቀይራ ይሆን? ራሷ የማትበላውን ልታበላን ነው? ከአውቶቡስ የወረደው ሰው በሯ ድረስ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። ማሽኑ የሞላውን ይዞ ያጉረመርማል። ያ ሱቅ የቆመው በአንዲት ንክሻ ላይ ነበር፤ አሁን ንክሻዋ የለችም።

ባሏ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ጥርስ ላዩ ላይ ኢናሜል የሚባል ልባስ እንዳለው፣ በሰውነት ውስጥ እንደሱ ጠንካራ ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ጄሉ በልክ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ያጠርሳል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ እሷ ግን ከልክ አሳልፋዋለች፣ ቢሆንም ካቆመች ሕመሙ ቀስ እያለ ይተዋታል። ሎሚውና ፍትጊያው ግን ልባሱን አሳስቶታል። ጥፍር ቢሰበር ያድጋል፤ ኢናሜል አንዴ ካለቀ አይበቅልም፣ የቀረውን በፍሎራይድ ማጠንከር ብቻ ነው። ቢጫው ደግሞ ከልባሱ ሥር ያለው የጥርስ አካል ነው፤ ልባሱ በሳሳ ቁጥር እሱ እየጎላ ይመጣል። ቫኒላ ይህን ስትሰማ ክንዷን አየችው። ለካ በዚያ ሁሉ ጉልበት ወደ ቢጫው ስትቆፍር ነው የከረመችው።

“ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ፣ ለጊዜው ቀዝቃዛ ነገር አፍዎ አይግባ” አለች ሐኪሟ እየጻፈች። “ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?”

ቫኒላ ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በማግስቱ ባሏ እኔ ልንከስልሽ አላት፤ የባል ምስክርነት ማን ሊቀበል! እምቢ አለች። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ፣ ጋሼ ሰዓትም በበሩ ብቅ ብሎ “ቫኒላዬ፣ ዛሬስ?” ሲላት፣ ትልቁን ኮን ሞልታ ወጣችና በፊት ጥርሶቿ፣ እንደ ድሮው፣ እስከ መሐሉ ገመጠችው። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ ጎንበስ አለች።  ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

“ወተቱ ደህና ነው” አለች። “የተበላሸው ጥርሴ ነው። ለባነሩ ብዬ አነጣሁትና ልባሱን ጨረስኩት። ብርድ አልችልም። እውነቱ ይኸው ነው፣ የፈለገ ይግዛ።”

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። እሷም አፏን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ነፋስ ገባና እንደገና አመማት። ጋሼ ሰዓት መጥቶ የተረፈውን ኮን ከእጇ ወሰደ። የኔ ጥርስ የተገዛ ነው፣ ብርድም አያውቅም ብሎ በሰው ሠራሽ ጥርሱ ነከሰ፣ አላመጠ፣ ሁላችንም አፉን አየን።

“ደህና ነው” አለ።

ከዚያ ቀን በፊት ከሱ አፍ “ደህና ነው” ሲወጣ የሰማ ሰው በሕይወት የለም። ሰልፉ እዚያው ተሠራ።

ቫኒላ እየቀዳች፣ እግረ መንገዷንም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስለ ሎሚው፣ ስለ ብሩሹ፣ ስለማይበቅለው ልባስ እየሰበከች ሳለ፣ ከፌርማታው ትኬት የምትሸጠው ልጅ ተራዋ ደረሰ። ወደ ቫኒላ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እትዬ፣ የቱ ጸጉር ቤት ነው?”

ቫኒላ ኮን ሞልታ ያዢ፣ የዛሬው በነፃ ነው፣ በፊት ጥርስሽ ንከሺው አለቻት። ልጅቷ ነከሰች።

“አመመሽ?”

“ኧረ ምንም።”

“እንግዲህ እሱ ነው ጥርስ ማለት። ያለሽን ይዘሽ ሂጂ።”

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፣ በደንብ እንደገባት ሆና። ሌላ ትልቅ ጉርሻ ገመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ነጫጭ ያልሆኑ፣ ግን ምንም የማይነካቸው ጥርሶቿን በምላሷ ጠረገች።

“እሺ እትዬ” አለች። “ግን ጸጉር ቤቱ ከፋርማሲው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?”