የባሱንዳ ዋልካ በሙሽራ እግር ላይ

ልጅ እያለሁ እጄ አርፎ አያውቅም። ከድንበር ማዶ ባለችው የገዳሪፍ ገጠር፣ ባሱንዳ ሳለን እናቴ «ይቺን ልጅ እጇን ምን ይበላታል?» ትል ነበር። ከሰል ካገኘሁ ግድግዳ፣ ግድግዳ ከከለከሉኝ ጆንያ፣ ጆንያም ከጠፋ የታናሽ እህቴ ጀርባ ነበረልኝ። ማንም አላስተማረኝም። ምን እንደምሥልም አስቀድሜ አላውቅም። እንዲያውም አንድ ሰው «ምን ልትሥዪ ነው?» ካለኝ አለቀ፣ ሁሉም ነገር ጥሎኝ ይጠፋል። ዝም ካሉኝ ግን እጄ ይቀድማል፣ እኔ ከኋላው እከተላለሁ።

በበጋ የባሱንዳ ዋልካ ይሰነጠቃል። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ስንጥቁ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የልጅ እግር ይውጣል። ጠጠር እየጣልን ጆሯችንን መሬቱ ላይ ደፍተን እናዳምጥ ነበር፤ ትኩስ አፈርና የደረቀ የሰሊጥ አገዳ ይሸተናል። እኔ ጨዋታው ቶሎ ይሰለቸኝና መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ማሳው ዳር እሄዳለሁ። አንዱ ከሌላው ይገናኛል፣ ይለያያል፣ ደግሞ ሌላ ይወልዳል። መጨረሻውን አግኝቼው አላውቅም፤ በጣም ያናድደኝ ነበር።

የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነብ ልጅ ሰዓዳ ለገዳሪፍ ከተማ ሰው የተዳረች ዓመት፣ ዝናቡ ሳይጠበቅ መጣ። የሙሽራው ወገኖች ቀድመው ገብተው ነበር፤ ከከተማ የተጠራችውን ሂና ሣይ የያዘው ሎሪ ግን ጭቃ ውስጥ ቀረ። ኒካው የሚታሰረው ነገ ነው። እትዬ ዘይነብ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። የልጃቸው እግር አረም ሲያርም፣ ሰሊጥ ሲያጭድ ያደገ እግር ነው፤ የከተማ ሴቶች እንዳይስቁባት ብለው ተረከዟን በሰሊጥ ዘይት ሲያሹ ነው የከረሙት። ከሴቶቹ አንዷ ያቺን ግድግዳ የምታበላሸዋን ልጅ ጥሯት አለችና እኔ ተጠራሁ። አበባ እንድሥል ታዘዝኩ፣ አደራም ተባልኩ።

ሂናውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጫፉን በስቼ ተቀመጥኩ። አበባው አልመጣ አለኝ። በበሩ ወደ ውጭ ባይ ሜዳው ውኃ ጠግቧል፣ ስንጥቆቼ ሁሉ ገጥመው ጠፍተዋል። ያን ጊዜ እጄ ተነሣ። ከአውራ ጣቷ ጀመረ፣ ቁርጭምጭሚቷን ዞረ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ ተረከዟ ላይ ወረደ። ቀና ስል አንዱ እግር አልቋል።

እትዬ ዘይነብ ጎንበስ ብለው አዩ። «ውይ በሞትኩት! ያለሰለስኩትን እግር መልሳ ሰነጠቀችብኝ!» አሉ። እውነትም የሣልኩት የዋልካውን ስንጥቅ ነበር፤ ጥቁር ሂና ደግሞ ቢታጠብ አይለቅም። እሳቸው ክርኔን ይዘው ሲያስነሡኝ ሰዓዳ እግሯን እያገላበጠች ታይ ነበር። ከዚያ እናቷን «ተያት እማ፣ ከነገ ጀምሮ የምረግጠው ሲሚንቶ ነው፤ ዋልካዬን ይዤ ልሂድ» አለቻቸው። ያልተነካውን እግሯንም ወደ እኔ ዘረጋች።

«ይሄኛውንም እንደመጣልሽ አድርጊው» አለችኝ።

ያንንም እጄን እየተከተልኩ ሠራሁት። በማግሥቱ ተሸፋፍና ትራክተር ላይ ወጥታ ሄደች። የከተማ ሴቶች እግሯን አይተው ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን እኔም ገዳሪፍ ነኝ፣ ሂና እየሣልኩ ነው የምኖረው። አገሩ ላይ የተነሣው ጦርነት ከየቦታው ያፈናቀለው ሰው ከተማዋን ሞልቷታል፤ ሰው ግን ማግባቱን አልተወም፣ አልሐምዱሊላህ። ሙሽሮቹ ስልካቸውን ዘርግተው ይሄንን፣ ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ ይሉኛል። አደርገዋለሁ፣ ያምራል፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ቤቴ ስገባ ግን መቀመጥ ያቅተኛል። ቆሜ እበላለሁ፣ የተጠረገውን እንደገና እጠርጋለሁ። ልጆቼ ኻላስ ዩማ፣ በቃ እማ፣ አረፍ በይ እንጂ እያሉ ይቆጡኛል። እጄን እየበላኝ ነው። ከሰዓዳ ወዲህ እግሯን ዘርግታ «እንደመጣልሽ» ያለችኝ አንዲት ሙሽራ የለችም።