ባዶው ባለመብራት ሳጥን

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ኡስታዝ ኻሊድ ኮምፒውተር ሱቅ በተቀጠርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የቀለም ብሩሽና የአቧራ መንፊያ ብቻ ነበር። «አንዱን ኮምፒውተር ክፈትና አጽዳ» አለኝ ባለሱቁ። ከፈትኩና እዚያው ሱቁ ውስጥ ነፋሁት። የወጣው አቧራ በኡስታዝ ኻሊድ ሻይና ጢም ላይ አረፈ። ሻዩን ደፍቶ ሌላ አዘዘና፣ «ያ ተስፋዬ፣ ካርቱም ውስጥ አቧራ የሚነፋው ውጭ ወጥቶ ነው» አለኝ። ያን ቀን የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ጦርነቱ መጥቶ ሱቁን እስኪያዘጋን ድረስ እዚያው ሠራሁ። ከአጽጂነት ወደ ገጣጣሚነት፣ ከገጣጣሚነት ወደ ዋና ቴክኒሻንነት አደግሁ። ዋና ቴክኒሻን የሆንኩት ሌላ ቴክኒሻን ስላልነበረ ነው።

ሱቁ ሁለት መደርደሪያ ነበረው። በቀኝ በኩል የኮምፒውተር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ዕቃውን እየመረጡ የሚያስገጣጥሟቸው፣ ጎናቸው መስታወት የሆነና በየማቀዝቀዣ ፋናቸው ቀይና ሰማያዊ የሚበራባቸው ነበሩ። በግራ በኩል ከመሐንዲሶች ቢሮ በጨረታ የወጡ፣ ለከባድ ሥራ የተሠሩ ግራጫ ወርክስቴሽኖች ነበሩ። መልካቸው የማይረባ፣ ክብደታቸው ወገብ የሚቆርጥ።

እኔ የግራጫዎቹ ወገን ነበርኩ። ወርክስቴሽን ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ አይማረርም፤ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራሙም የራሱን ስህተት ራሱ ይዞ ያርማል። ባለመብራቱ ግን በስድስት ፋን የከተማውን አቧራ ይስባል እል ነበር። ኡስታዝ ኻሊድ ደግሞ፣ «በዚያው ዋጋ ባለመብራቱ አዲስና ፈጣን ነው። ቢበላሽ ዕቃው ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል። ያንተ ግራጫ ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ምትኩን ከየት ታመጣለህ?» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ስለሆንኩ ለብዙ ዓመት አላመንኩለትም።

አንድ ቀን ዘይነብ የምትባል የወሎ ልጅ መጣች። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ስምንት ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በዕረፍት ቀኗ በየዓርቡ አንድ የሠርግ ስቱዲዮ እየሄደች ቪዲዮ ማቀናበር ተምራለች። አሁን ካርቱም ሁለት ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው።

«ወንድሜ፣ የማያሳፍረኝን ማሽን ስጠኝ» አለችኝ። «የመጀመሪያ ሥራዬ የማዳሜ የሙና ልጅ ሠርግ ነው። ፊልሙ ካማረ ሰው ሆንኩ ማለት ነው። ካላማረ ወደ ኩሽናዬ እመለሳለሁ። ማዳም ክፍሌን ለማንም አልሰጠችም።» ይህን ስትል አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አሳየችኝ።

ኡስታዝ ኻሊድ በዓይኑ ወደ ቀኝ መደርደሪያ ጠቀሰኝ። እኔ በግራው በኩል ከትልቁ ግራጫ ፊት አቆምኳትና ስለ ራም ረዥም ንግግር አደረግሁ። ምኑም አልገባትም፤ ግን ወገኗ ስለሆንኩ አመነችኝ። በራክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ጭነን ወሰድነው። ደረጃውን ስንወጣ ሁለት ጊዜ አረፍን።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ማሽኑ ተበላሸ?» አልኳት።

«ምን ይበላሻል፣ ይሠራል። የሚሠራ ግን አይመስልም። ሙሽራዋ ራንያ ትናንት መጥታ አየችው። ‹ደ ሹኑ? ይሄ ምንድን ነው? ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጣለ ነው?› ብላ የቀረጻውን ሃርድ ዲስክ ይዛ ሄደች። እስከ ሐሙስ ደህና ማሽን ካላመጣሁ ሥራውን ለሌላ ልትሰጠው ነው። ተስፋዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ማሽኑን አስመጥቼ የውስጡን ዕቃ ወደ ባለመስታወት ሳጥን ላዛውር ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። የማዘርቦርዱ ብሎን ከቀዳዳው አይገጥምም፤ ፓወር ሰፕላዩ አይገባም። ኡስታዝ ኻሊድ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈለ ያየኛል። ሲመሽ ተነስቶ መስኮቱ ላይ ለዕይታ የምናቆመውን፣ እንደ ሠርግ ቤት የሚያብረቀርቀውን ሳጥን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

«ይሄ እኮ ባዶ ነው» አልኩት። ከፋንና ከመብራት በቀር በውስጡ አንዳች የለም።

«ወላሂ፣ ስንት ዓመት ደንበኛ ሲጠራልን ኖሯል» አለ። «ያላ፣ ውሰደው።»

ግራጫውን መልሼ ገጥሜ ሁለቱንም ወደ ዘይነብ ክፍል ወሰድናቸውና ባለመብራቱን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። ግራጫውን ከሥር ከተን እስከ ወለል በሚደርስ ጨርቅ ሸፈንነው፤ ከኋላ በኩል መተንፈሻ ተውንለት። ዘይነብ አዲስ ማሽን መጣ ብላ ደወለች፤ ሃርድ ዲስኩ በሹፌር ተመለሰ። በዚያ ሙቀት የሦስት ካሜራ ቀረጻ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠራ ግራጫው አንዴ እንኳ አልቆመም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማዳም ሙናና ራንያ መጡ። እኔ የአዲሱ ማሽን ቴክኒሻን ተብዬ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ራንያ መብራቱን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ከባዶው ሳጥን ጋር ፎቶ ተነሳች። ፊልሙ ተጀመረ። እውነትም ያምር ነበር። ማዳም ሙና በስክሪኑ ላይ ራሷን ስትጨፍር ስታይ ጊዜ እልል እያለች ተነሳች። የተጠቀለለችበት የቶቧ ጫፍ የሳጥኑን ገመድ ጠልፎ ከሶኬቱ ነቀለው።

ሳጥኑ ጨለመ። ራንያ «ሠርጌ ጠፋ» ብላ ጮኸች።

ስክሪኑ ላይ ግን ጭፈራው ቀጥሏል።

ማዳም ሙና ሳጥኑን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ተመልሳ ሳጥኑን አየች። ዘይነብ እኔን አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን ማየት ያዝኩ። ማዳም ጎንበስ አለችና ጨርቁን ገለጠችው። ግራጫው በሥራ ላይ ነው።

«ዘይነብ፣ ደ ሹኑ?»

እኔ ‹ረዳት ማሽን ነው› ልል አፌን ስከፍት ዘይነብ በዐረብኛ ቀደመችኝ። «ማዳም፣ ስምንት ዓመት ቤትዎ ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ የሚያስቀምጡት ሳሎን ነው። ምግቡ ግን አንድም ቀን ሳሎን ተሠርቶ ያውቃል?»

ራንያ ልትናገር ስትል ማዳም ሙና በእጇ ዝም አሰኘቻት። ጨርቁን እንደነበረው መለሰችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ወደ ኋላ መልሺው» አለች። «ጭፈራዬ አመለጠኝ።»

ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ ማዳም ሙና በሩ ላይ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። «የክፍሉን ቁልፍ አምጪ» አለች። «ከእንግዲህ አያስፈልግሽም፤ ሌላ ሠራተኛ ልፈልግ።»

ዘይነብ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች። ቁልፉን ሰጠቻት፤ በሩ ሲዘጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ኡስታዝ ኻሊድ ሳጥኑን መቼ እንደምንመልስ ሊጠይቅ የደወለው ያኔ ነው።

ለእናንተ ለሙያው አዲሶች የምለው አጭር ነው። ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት ደንበኛውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሥራው በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ማሽኑንስ ማን ያየዋል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ እጠይቅ ነበር።