«አለ» የሚሉት መልስ

ዛሬ ሐይቅ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ በሽተኞች ተሰልፈው ሳለ የደም መመርመሪያው ኮምፒውተር ድርቅ አለ።

ጥፋቱ እኔ የጻፍኩት ድራይቨር፣ ማለትም ሥራን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰሮች (ስሌት ሠሪ ክፍሎቹ) የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ነው። «ይሄ ፕሮሰሰር አለ?» ብሎ ይጠይቅና «አለ» ከተባለ ሥራ ልኮ መልስ ይጠብቃል። ከፕሮሰሰሮቹ አንዱ ግን ኃይል ለመቆጠብ ጠፍቶ ነበር። እሱን ሲጠብቅ ሁሉም ቆመ።

አሁን «እየሠራ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ ካልሆነም ሥራውን ለነቃው እንዲሰጥ አስተካከልኩት። (ይህን ሳላስብ ደመወዝ እበላለሁ።)

ከዚያ አምባሰል ከአባታችን ጋር የምትኖረው እህቴ ዘሀራ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ አለ?»

«አለ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሁሌ እዚህ ላይ ነው የምዘጋው። ዛሬ ግን «ከአልጋው ይነሳል?» አልኳት።

«አይ፣ ከተኛ ሰንብቷል» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ወደ እነሱ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። እናንተስ፣ «አለ» ሲሏችሁ ስልኩን የዘጋችሁት ስለ ማን ጠይቃችሁ ነው?